ዴሞው የት ላይ ይቆረጥ? የ«ጭነት» ጌም የሥራ ማስታወሻ

ኅዳር መጀመሪያ 2017፣ አራት ኪሎ

«ጭነት» ወደ ማለቁ ተጠግቷል። ለማያውቀው ሰው ባጭሩ ላስተዋውቀው። መርካቶ ላይ አንድ አይሱዙ ቆሟል። ፍራሽ ይመጣል፣ ጀሪካን ይመጣል፣ የሽንኩርት ጆንያ፣ የፕላስቲክ ወንበር፣ ዶሮ የታጨቀበት ቅርጫት ይመጣል። ተጫዋቹ ጫኝና አውራጅ ነው። ይደረድራል፣ በገመድ ያስራል፣ የመኪናውን ጎን መታ መታ አድርጎ «ሂድ!» ይላል። መንገዱ ጉድጓድ አለው፣ ዳገትም አለው። በደንብ ያልታሰረ ዕቃ ይራገፋል። ክፍያው ለደረሰው ብቻ ነው።

የምንሠራው ሁለት ሆነን ነው። እኔ ኮዱን ጎዶት በሚባለው የጌም መሥሪያ ሶፍትዌር እጽፋለሁ። ባልደረባዬ ሥዕሉንና ድምፁን ይሠራል። ለኮምፒውተር፣ ስቲም በሚባለው የኢንተርኔት ጌም መሸጫ ላይ ልንሸጠው ነው። የመመዝገቢያውን 100 ዶላር ውጭ ያለች ዘመዴ በካርዷ ከፍላልናለች። ጌሙ 1,000 ዶላር ካስገባ ይህ ገንዘብ ተመላሽ ይሆናል። ከእያንዳንዱ ሽያጭ ላይ ደግሞ ስቲም 30 ከመቶ ይቆርጣል። ስለዚህ አንዲት ሽያጭ እንኳ ብትቀርብን ይሰማናል።

አሁን የያዝነው ክርክር የዴሞ፣ በነፃ የሚቀመሰው የጌም ቁራጭ፣ ነው። የመጀመሪያዎቹን ሌቭሎች በነፃ እንልቀቅ ወይስ አንልቀቅ? እኔ እንልቀቅ ባይ ነኝ። ባልደረባዬ «በነፃ ከጠገበ ምን ብሎ ይገዛል?» አለ። ዝም ብሎ እልህ አይደለም፤ ማስረጃ ይዞ ነው የመጣው። የጌም ዲዛይነሩና መምህሩ ጄሲ ሼል እ.ኤ.አ. በ2013 ዳይስ በሚባለው የጌም ሠሪዎች ጉባኤ ላይ አንድ ግራፍ አሳይቶ ነበር። ቁጥሩ ኢዳር ከተባለው የገበያ ጥናት ድርጅት የተወሰደ ሆኖ የኤክስቦክስ 360 ጌሞችን ሽያጭ ያነጻጽራል። ቪዲዮ ማስታወቂያ ኖሯቸው ዴሞ ያልነበራቸው ጌሞች ከሁሉም በላይ ተሸጠዋል። ቪዲዮም ዴሞም የነበራቸው ከእነሱ በእጅጉ ወርደዋል። ሼል ይህንን ያቀረበው ዴሞ ሽያጭን በግማሽ ይቆርጣል በሚል ነው።

ምክንያቱንም ሲያስረዳ ያሳምናል። ሰው ቪዲዮውን ሲያይ «ልሞክረው» የሚል ጉጉት ያድርበታል። ዴሞ ከሌለ መሞከሪያው መንገድ መግዛት ብቻ ነው። ዴሞ ካለ ግን ይሞክረዋል፣ ጉጉቱ ይወጣለታል፣ ወደ ሌላው ይሄዳል።

ይህንን ነገር በስሜት አንዘጋውም ተባብለን ተለያየን። (በዚህ ማስታወሻ ውስጥ የውጭዎቹን ጌሞች ዘመን እ.ኤ.አ. ነው የምጽፈው፤ የእኛ ቀን በእኛው አቆጣጠር ነው።)

ኅዳር አጋማሽ

ግራፉን አብሰለሰልኩት። የሚያሳየው እውነት ነው፤ ከእሱ የተወሰደው መደምደሚያ ግን አልተዋጠልኝም።

ዴሞ የሚያወጣው ማን ነው? ስሙ በየአደባባዩ የተለጠፈ፣ ሚሊዮኖች ቀን የሚቆጥሩለት ጌም ዴሞ አያስፈልገውም። ቪዲዮ ይለቃል፣ በቃ። ዴሞ የሚሠራው ብዙ ጊዜ የማይታወቀው ወይም ሰው የሚጠራጠረው ጌም ነው። እንግዲህ ሁለቱን አሰልፎ «ዴሞ ያለው አነሰ» ማለት ሐኪም ቤት የገባ ሰው ካልገባው ይልቅ ይታመማል እንደማለት ነው። ያው ጌም ዴሞ ኖሮትና ሳይኖረው ምን ያህል እንደሚሸጥ ግራፉ አይነግረንም።

ዘመኑም ሌላ ነበር። ያኔ ጌሙ በዲስክ 60 ዶላር ይሸጥ ነበር፤ ከፍተህ ተጫውተህ «አልወደድኩትም» ብትል የሚመልስልህ ሱቅ ማግኘት ከባድ ነው። ስቲም ከ2015 ጀምሮ ደንብ አውጥቷል። ጌም ገዝተህ ከሁለት ሰዓት በታች ከተጫወትክና ከገዛህ 14 ቀን ካላለፈህ ገንዘብህ ይመለሳል። ዛሬ ካርድ ላለው ሰው ማንኛውም ጌም የሁለት ሰዓት ዴሞ አለው ማለት ይቻላል። ልዩነቱ መጀመሪያ ገንዘቡን ማስያዙ ነው።

ባልደረባዬን ወረቀት ላይ ሠርቼ ያሳየሁት ይህንን ነው። ገዢ ሊሆን የሚችለው ሰው ሦስት ዓይነት ነው። አንደኛው ስለ ጌሙ ሰምቶ ከሚገባው በላይ ተስፋ ያደረገ ነው። ዴሞ ይህንን ሰው ያሳጣሃል። ሁለተኛው ሰምቶ የናቀው ነው። ዴሞው ጥሩ ከሆነ ይህንን ትጨምራለህ። ሦስተኛው ጭራሽ ያልሰማው ነው። ይህንንም ዴሞ ሊያመጣልህ ይችላል። ትልቅ ኩባንያ ብዙ የሚያጣው የመጀመሪያው ዓይነት ሰው አለው። እኛስ? ከአራት ኪሎ የሚወጣ የአይሱዙ ጌም በጉጉት የሚጠብቅ ሰው የለም። የማይጠብቀን ሰው ተስፋው አይቆረጥም። ያላዩት አገር አይናፍቅም ይባል የለ? እኛ ገና ያልታየን አገር ነን።

ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተና «ይሄ ሒሳብ ነው። ሰው ሲጫወት ልየው» አለ። ልክ ነው።

ኅዳር መገባደጃ

መብራት ሄዶ ከሰዓት ሙሉ ቁጭ ብለን አወራን። የድሮዎቹን አነሳን።

«ዱም» በታኅሣሥ 1993 ሲወጣ የመጀመሪያው ክፍል ሙሉ በሙሉ ነፃ ነበር። ዘጠኝ ሌቭል። ማንም ይገለብጠው፣ ለጓደኛው ይስጠው ተባለ። ቀሪዎቹን ክፍሎች የፈለገ ከፍሎ ያዛል። ይህንን ዘዴ ከዚያ በፊት የስኮት ሚለር ኩባንያ አፖጂ ጥሩ አድርጎ ተጠቅሞበታል፤ በ1992 የወጣው «ቮልፈንስታይን 3ዲ» የተሸጠውም በዚሁ መንገድ ነው። ሁለቱንም ጌሞች የሠራው አይዲ ሶፍትዌር ያን ጊዜ ጥቂት ሰዎች ያሉበት ቤት ነበር። የማስታወቂያውን ሥራ ነፃው ክፍል ሠራላቸው።

እኔን የሳበኝ ብዛቱ ነው። ከሦስት ክፍል አንዱን ሙሉ ለሙሉ ሰጡ። እንደዛሬው አሥር ደቂቃ አስነክተው አልነጠቁም። ያ ክፍል ግን አጨራረሱ ሰላም አይሰጥም። ተጫዋቹ ትልልቆቹን ጭራቆች ገድሎ ወጣሁ ሲል ጨለማ ክፍል ውስጥ ይወድቃል። ከዚያ ቀጥሎ የሚመጣው የግዢ መልእክት ነው።

የ«ኩዌክ»ን ታሪክ ያነሳው ባልደረባዬ ነው፤ ለእኔ ክርክር የማይመች ቢሆንም ጥሩ አደረገ። በ1996 አይዲ የ«ኩዌክ»ን ነፃ ክፍል በርካሽ ሲዲ አድርጎ ሱቅ አስገባ። ሲዲው ላይ ሙሉው ጌም፣ ሌሎች ጌሞቻቸውም ጭምር፣ ተቆልፈው ተቀምጠዋል። ስልክ ደውለህ ከፍለህ የመክፈቻ ቁጥር ትቀበላለህ። ሐሳቡ ግሩም ነበር። ቁልፉ ግን ብዙም ሳይቆይ ተሰበረ። ሰው በዴሞ ዋጋ ሁሉንም ወሰደ። እዚህ ላይ ሽያጩን የጎዳው ማቅመስ አይደለም፤ ምግቡን ሙሉውን ከማቅመሻው ጋር አብሮ ማቅረብ ነው።

ታኅሣሥ መጀመሪያ

ከ«ኩዌክ» ሲዲ የወሰድነውን በሥራ ላይ አዋልን። ዴሞው የሙሉው ጌም ፋይል ሆኖ በሩ የተቆለፈ እንዲሆን አልፈልግም። ለብቻው ቢልድ ይደረጋል፤ ራሱን የቻለ ፋይል ሆኖ ይወጣል። ጎዶት ላይ የኤክስፖርት ቅንብር ሲሠራ የትኞቹ ፎልደሮች እንደሚቀሩ መምረጥ ይቻላል። የኋለኞቹን ሌቭሎች፣ ሥዕሎቻቸውንና ድምፆቻቸውን አስቀረሁ። የወጣውን ፋይል ከፍቼ አንድ በአንድ አየሁ። ከክረምቱ ሌቭሎች የተረፈ የዝናብ ድምፅ አገኘሁና እሱንም ለየሁት።

ሌላም ጥቅም አለው። ዴሞው ከ200 ሜጋባይት በታች ወረደ። አገር ቤት በሞባይል ዳታ ለሚያወርድ ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው። ዴሞ «እስቲ ልየው» የሚባል ነገር ነው፤ «እስቲ ልየው» ብሎ ጊጋባይት የሚያቃጥል የለም።

ከዚያ ዋናው ጥያቄ መጣ። የት ላይ ይቆረጥ? ሁለት ዓይነት አድርጌ ሠራሁት። አንደኛው ቁራጭ ተዘግቶ የሚያልቅ ነው። የመጨረሻው ሌቭል ከመርካቶ ወደ ፒያሳ የሚሄድ ትልቅ ጭነት ሲሆን፣ ደርሶ ሲራገፍ ገንዘቡ ይቆጠራል፣ ሙዚቃው ይደምቃል፣ «እናመሰግናለን» ይላል። ሁለተኛው ከዚያ አንድ ሌቭል ቀድሞ ይቆማል። ደመና ይከብዳል፣ ተጫዋቹ ለመጀመሪያ ጊዜ ሸራ ይሰጠዋል፣ ቀጣዩ ደንበኛ ፍሪጅና የእንቁላል ትሪዎች ይዞ ብቅ ይላል። እዚያ ላይ ያቆማል።

ባልደረባዬ ሁለተኛውን አልወደደውም። «ይሄ ሰው ማታለል ነው» አለ። እንፈትነው ተባባልን።

ታኅሣሥ፣ ከገና በፊት

ከአራት ኪሎ ወደ ግንፍሌ በሚወርደው መንገድ ላይ የማውቀው ጌም ቤት አለ። ቤቱ ጠባብ ነው። ቴሌቪዥኖቹ ግድግዳውን ተያይዘው ተደርድረዋል፣ ወንበሮቹ ዝቅ ያሉ ናቸው። ሁሌ የሚሰማው የፊፋ ጩኸት ነው። ባለቤቱን ጋሼ ነው የምላቸው። አንዱን ስክሪን ለከሰዓት ስጡኝ፣ ሒሳቡን እኔ እችላለሁ አልኳቸው። «ልጆቹ ከተጫወቱት ምን ቸገረኝ» አሉ። ላፕቶፔን ሰካሁ፣ ሁለት ጆይስቲክ አገናኘሁ፣ ዞር ብዬ ጥግ ያዝኩ። እኔ ሠራሁት አላልኩም። ሰው ሠሪው አጠገቡ ካለ እውነቱን አይናገርም፤ ይሉኝታ ይይዘዋል።

በመጀመሪያ ተዘግቶ የሚያልቀውን ቁራጭ አጫወትኩ። ልጆቹ ወደዱት። ተሳሳቁ፣ ዶሮዎቹ ሲያመልጡ ጮሁ። ፒያሳ ደረሱ፣ ገንዘቡ ተቆጠረ፣ ሙዚቃው ደመቀ። «አሪፍ ነው!» አሉና ጆይስቲኩን አስቀምጠው ወደ ፊፋቸው ተመለሱ። ቀጣዩስ ብሎ የጠየቀ አልነበረም። ሼል ያለው ነገር እዚያች ወንበር ላይ ቁጭ ብሎ ታየኝ። ጉጉታቸው ወጣላቸው። ባልደረባዬ ከጥግ ሆኖ አየኝ፤ አፉን አልከፈተም።

ሁለተኛውን ቁራጭ የከፈትኩት ሌሎች ልጆች ከትምህርት ቤት ሲመጡ ነው። እዚህ ላይ አንዱን ልጅ ልንገራችሁ። የዩኒፎርም ሹራቡን ወገቡ ላይ አስሯል። ጀሪካኖቹ በቁጥር ብዙ ናቸው፤ ገመዱ አጭር ነው። ሌሎቹ ፍራሹን አጋድመው ከላይ ጀሪካን ይደረድራሉ፣ ይወድቅባቸዋል። እሱ ፍራሹን በጎኑ አቆመው። ከአይሱዙው ጎን ጋር አስጠግቶ ግድግዳ አደረገው። ጀሪካኖቹን ከኋላው ጠቀጠቀ። ገመዱን አንድ ዙር ብቻ አዙሮ አሰረ። እኔ ይህንን አልነደፍኩም። ፍራሹ ሸካራ እንዲሆን ያደረግኩት ሌላው ዕቃ ላዩ ላይ እንዳይንሸራተት ብዬ ነው። መኪናው ተነሳ። ጉድጓዱ ጋ ሲደርስ ጀሪካኖቹ ሁሉ ወደ ጎን ተገፉ፣ ፍራሹ ወደ ውጭ ጎበጠ፣ ገመዱ ተወጠረ። ከዚያ ፍራሹ መልሶ ገፋቸው። አንዲት ጀሪካን አልወደቀችም። ቤቱ በጩኸት ተናጋ። «ፍራሹ ያዘው! ፍራሹ ያዘው!» ፊፋ የሚጫወቱት ሁሉ ዞረው አዩ። ጆይስቲኩን ለመንጠቅ ግፊያ ተጀመረ።

እንዲህ ሞቆ እያለ ደመናው ከበደ፣ ሸራው ተሰጠ፣ ፍሪጁ መጣ፣ ቆመ።

«እንዴ! ቀጥልበት እንጂ!» አለ ባለ ሹራቡ። ስክሪኑን እያየ ነው። «ብሮ፣ ሸራውን የት ነው የማደርገው? ከእንቁላሉ በላይ ነው ከፍሪጁ?» ሌላኛው ደግሞ «ፍሪጁን አታስተኛውም፣ ጋዙ ይበላሻል» አለው። የሌለ ሌቭል ላይ መከራከር ጀመሩ። እኔ የምፈልገው ይህንን ነው። አንዱ ልጅ ግን በጣም ተናደደ። «ሸራ ሰጥቶ መከልከል ምንድን ነው?» ብሎ ወጣ። የባልደረባዬ ስጋትም እውነት ነበር።

ሲመሽ ጋሼ ሒሳብ እየተቀበሉኝ ያሉት ነገር ከሁሉ በላይ ጠቀመኝ። «እኔም ዘንድ አዲስ ልጅ ሲመጣ አንድ ጌም በነፃ አጫውተዋለሁ» አሉ። «ከጎበዞቹ ጋር ነው የማጋጥመው። ይሸነፋል። ተሸንፎ የሄደ ልጅ በማግስቱ ይመጣል፤ ለመበቀል። ካሸነፈ ግን ምን ብሎ ይመጣል?»

ባልደረባዬ ቀና ብሎ «ጋሼ፣ እና በነፃ ሲያጫውቱ አልከሰሩም?» አላቸው።

«ልጄ፣ ያልገባ ልጅ ነው የሚያከስረኝ» አሉት።

ከጥምቀት ማግስት፣ ጥር

ከጃን ሜዳ የሚመለሰው ሕዝብ ከትናንት ጀምሮ መንገዱን ሞልቶታል። ሥራ የጀመርነው ወደ ማታ ነው።

ሦስተኛ ቁራጭ ሠራን። ዝናቡ ይጀምራል፣ ሸራው ይሰጣል፣ ተጫዋቹ አንዲት አጭር የዝናብ ጉዞ ያደርጋል። ሸራው ምን እንደሚሠራ በእጁ ያየዋል። ከዚያ በኋላ ነው ፍሪጁና እንቁላሉ የሚመጣው፤ ዴሞው እዚያ ላይ ያቆማል። ጥያቄው ክፍት ሆኖ ይቀራል፤ የተሰጠውን ነገር ግን አልተነጠቀም። በዚህ ላይ ሁለታችንም ተስማማን። ደስ ብሎኛል፤ ባልደረባዬ «ማታለል ነው» ባይል ኖሮ እዚህ አንደርስም ነበር።

ከስኩዌር ኢኒክስ «ኦክቶፓዝ ትራቭለር» ሁለት ነገር ወስደናል። በ2017 ዴሞ ለቀው ተጫዋቾቹን በመጠይቅ ጠየቁ። በተሰጣቸው አስተያየት ጌሙን አሻሽለው ያሻሻሉትን ለሰው አሳወቁ። በ2018 ጌሙ ሊወጣ ሲል ደግሞ ሌላ ዴሞ አወጡ፤ ሦስት ሰዓት ይጫወታሉ፣ የደረሱበትን የሚይዘው ሴቭም ወደ ሙሉው ጌም ይሻገራል። ጌሙ በወጣ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ አንድ ሚሊዮን ቅጂ ደረሰ። ያ ሁሉ በዴሞው ነው ማለቴ አይደለም፤ ትልቅ ኩባንያ ነው። ሴቩ መሻገሩ ግን ብልህ ነገር ነው። ሰውየው ዴሞውን ሲጫወት ጊዜውን እያባከነ አይደለም፣ የራሱን ጌም እየጀመረ ነው። እኛም ያጠራቀመው ገንዘብና የገዛው ገመድ እንዲሻገርለት አድርገናል።

የካቲት 17

ዛሬ ማታ 3 ሰዓት ላይ የስቲም ኔክስት ፌስት ተከፈተ። ስቲም ባለበት አገር ጠዋት ነው። ይህ ፌስቲቫል በዓመት ሦስት ጊዜ የሚዘጋጅ ነው፤ ገና ያልወጡ ጌሞች ለአንድ ሳምንት ዴሞአቸውን ያሳያሉ። ሙከራው በ2019 መጨረሻ ተጀመረ፣ ይህንን ስም የያዘው በ2021 ነው። አንድ ጌም መሳተፍ የሚችለው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ያለ ዴሞ ደግሞ መግባት አይቻልም። እኛን በመሰሉ ሰዎች በኩል የዴሞውን ክርክር ግማሹን የዘጋው ይሄ ይመስለኛል። ዴሞ የሌለው እዚያ ገበያ ውስጥ አይታይም።

ካለፈው ዓመት ከሐምሌ ወር 2024 ወዲህ ዴሞ የራሱ ገጽና የራሱ አስተያየት መስጫ ሊኖረው ይችላል። ለብቻው ከፈትንለት። ስለ ዴሞው መጥፎ የሚጻፍ ካለ ዋናው ጌም ላይ ሳይለጠፍ እናየዋለን።

የካቲት 20

የምንሸጠው ነገር የለም፤ የምንቆጥረው ዊሽሊስት ነው። ጌሙ ሲወጣ ንገሩኝ ብሎ ስሙን ያስመዘገበ ሰው ነው። ዴሞውን ከከፈቱት ብዙዎቹ ሳይመዘገቡ ይሄዳሉ። ይህ ጉዳት አይደለም። አስቀድመው አያውቁንም ነበር።

የገረመኝ ሌላ ነው። ብዙ ሰው ዳገቱ ሌቭል ላይ ያቆማል። ጌም ቤቱ ውስጥ እዚያ ላይ የተያዘ ልጅ አልነበረም። ቁጭ ብዬ አሰብኩበትና ገባኝ። ገመዱ የሚጠብቀው ቁልፉን ተጭኖ ሲያቆዩት ነው። ጌም ቤት ውስጥ አንዱ ካወቀ «ተጭነህ ያዘው!» ብሎ ለሁሉም ይጮኻል። ቤቱ ውስጥ ብቻውን ለተቀመጠ ሰው የሚጮህለት የለም። ዴሞ ባይኖር ይህንን የምናውቀው ከገዢዎች ነበር፤ ገንዘባቸውን እያስመለሱ። ሌሊቱን አጭር ማሳያ ጨመርኩ። አይሱዙው ላይ የተቀመጠ ረዳት «አጥብቀው!» ይላል። ድምፁን የሰጠው ባልደረባዬ ነው። በማግስቱ ዳገቱን የሚያልፈው ሰው በረከተ።

የካቲት 23፣ ዓድዋ

ፒያሳ ምኒልክ አደባባይ ሰው በሰው ላይ ነው። ቀረርቶና ፉከራው ካለንበት ድረስ ይሰማል። እኛ ስልክ ላይ ተደፍተናል። አነስተኛ ቻናል ያለው ሰው ጌሙን ሲጫወት የሚያሳይ ቪዲዮ ተገኘ። ቋንቋው ፖርቱጋልኛ ነው፤ አንድም ቃል አልሰማንም። ዶሮዎቹ ሲያመልጡ ግን ሳቁ እንደ ግንፍሌ ልጆች ነው። ፍሪጁ ሲመጣና ዴሞው ሲቆም ሁለት እጁን ራሱ ላይ ጫነ። በዚያ ሰዓት የዊሽሊስቱ መስመር ወደ ላይ ተነሳ። አንድ ሰው ዴሞ ሲጫወት ሌላው ያያል፤ ያየው ደግሞ አልጠገበም። ዴሞ ባይኖር ያ ሰውዬ የሚያሳየው ነገር አይኖረውም ነበር።

«ባላትሮ»ን ያስታወሰኝ ይህ ነው። አንድ ሰው የሠራው የካርታ ጌም ነው። ከመውጣቱ በፊት ዴሞው ከእጅ ወደ እጅ ተዛመተ፤ በየካቲት 2024 ወጥቶ በመጀመሪያው ወር ውስጥ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ተሸጠ። እርግጥ ስለ እሱ የምንሰማው ስላሸነፈ ነው። ዴሞ ኖሯቸው ማንም ያላያቸው ጌሞች ከእኛ ጋር በዚህ ፌስቲቫል ላይ በሽበሽ ናቸው። ጌሙ ራሱ ሰው የማይዝ ከሆነ ዴሞው የሚያደርገው ነገር ቢኖር ያንን ቶሎ ማሳወቅ ነው።

መጋቢት መጀመሪያ

ፌስቲቫሉ አለቀ። አሁን ዴሞው ይቆይ ወይስ ይነሳ? ባልደረባዬ ጌሙ የወጣ ዕለት እናንሳው ይላል። ያን ጊዜ የገዢዎች አስተያየት ስለሚኖር ሰው እሱን አንብቦ ይወስናል ባይ ነው። እኔ ይቆይ እላለሁ። ምክንያቴ የሁለት ሰዓቱ ደንብ ነው። «ጭነት» ከዳር እስከ ዳር አራት ሰዓት አይሞላም። ፈጣን ተጫዋች በሁለት ሰዓት ግማሹን አልፎ ገንዘቡን ማስመለስ ይችላል። የሚጠራጠር ሰው መሞከሩ ካልቀረ በዴሞው ይሞክር፤ እኛ በመረጥነው ቦታ ላይ ይቁም። እስኪወጣ ይቆያል በሚለው ተስማምተናል። ከወጣ በኋላ አንድ ወር ከዴሞው ጋር እናስኬደዋለን፣ ከዚያ አንስተን የሚቀጥለውን ወር እናያለን። ፍጹም ፈተና አይደለም፤ አዲስ ጌም በመጀመሪያው ወር ሁልጊዜ ብዙ ይሸጣል። ቢሆንም ያው አንዱ ጌም ነው የሚነጻጸረው፤ ከ2013ቱ ግራፍ ያ ብቻ እንኳ ይሻላል።

ዛሬ ለጋሼ የተሻሻለውን ዴሞ ጫንኩላቸው። ባለ ሹራቡ ልጅ ነበር። ጌሙን የሠራነው እኛ መሆናችንን ያን ጊዜ ነገርኩት። አላመነም፤ አይሱዙው ላይ ያለው ረዳት በማን ድምፅ እንደሚናገር ባልደረባዬ ሲያሰማው ነው ያመነው።

«ስንት ነው ታዲያ ሙሉው?»

«በስቲም ነው የሚሸጠው፣ በዶላር።»

«በቴሌብር አይሆንም?»

አይሆንም። ይህ ልጅ ዴሞውን ስለጠገበ አይደለም የማይገዛው። ካርድ የለውም፣ ዶላር የለውም፣ ቤቱም ኮምፒውተር የለም። ዴሞ ሽያጭ ይጎዳል ወይስ ይጠቅማል እያልን ከኅዳር ጀምሮ ስንከራከር፣ ጌሙን ያሻሻሉልን ልጆች ከሒሳቡ ውጭ ነበሩ። ይህ አንገብግቦኛል። የአገራችን ጌም ስልክ ላይ መንገድ አለው፤ የአገራችን ጌም ሠሪ የቅኔ ጌምስ «ኩኩሉ» ለስልክ የተሠራ ነው። አይሱዙውን በጣት ማሠር ከባድ ነው፣ ገመዱ ትክክለኛ ቦታ አይያዝም። ባልደረባዬ ግን ዕቃዎቹን አግዝፎ ለትንሽ ስክሪን መሣል ጀምሯል። የመጀመሪያዎቹ ሌቭሎች በነፃ ይሆናሉ፤ ፍሪጁ ሲመጣ በቴሌብር ተከፍሎ ይከፈታል። ዋጋውን ጋሼን ጠይቀናል። «አንድ ልጅ እኔ ቤት ከሰዓቱን ሲጫወት ከሚያወጣው እንዳይበልጥ» ብለዋል። የኮምፒውተሩ በግንቦት ይወጣል፤ የስልኩን ከክረምቱ በፊት ለማድረስ ገመዱን በጣት የሚይዘውን ኮድ ከነገ ጀምሮ እንደገና እጽፈዋለሁ።